የግድግዳው መረብ

አባዬ ዕድሜ ልካቸውን ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ጥግ ያለችው ዋይትሆል ካመጣኋቸው ወዲህ ግን ሥራቸው ሶፋ ላይ ተቀምጦ የፓርኪንጉን መኪና ማየት ሆነ። በመጡ በስምንተኛው ወር፣ «ልጄ፣ እጄ ሥራ ፈትቶ ሊሞት ነው። ቲኬት ቁረጪልኝና ልሂድ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ደም ግፊት አለባቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እዚያ የሚጠብቃቸው ሰው የለም።

«አንዴ ይታገሡኝ፤ የዓሣ አጥማጆች ከተማ አሳይዎታለሁ» አልኳቸው። ቅዳሜ ኦፍ ጠይቄ ወደ ኤሪ ሐይቅ ሁለት ሰዓት ነዳሁ። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሱፋቸውን ለብሰው፣ የመረብ መርፌያቸውን ኪሳቸው ከተዋል።

ምን ዋጋ አለው! ከተማው ድሮ የአጥማጅ ነበር አሉ፤ አሁን የሽርሽር ነው። የተረፈችው አንዲት ጀልባ አበባ ተተክሎባታል። አባዬ «እንደምን ዋሉ» ብለው እጃቸውን የዘረጉለት አጥማጅ የፕላስቲክ ሐውልት ሆኖ አረፈው። ተናድጄ ሬስቶራንት አስገባኋቸውና ዓሣ አዘዝን። ከሐይቁ ነው ወይ ብዬ ማናጀሯን ብጠይቃት፣ ከኮሎምበስ ፍሮዝን ሆኖ ነው የሚመጣው አለችኝ። እኔ ራሴ ኮሎምበስ የምሠራበትን የፍሮዝን ምግብ መጋዘን እንዳትጠራብኝ ፈርቼ ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

የአባዬ ዓይን ግን ግድግዳው ላይ ነው። ለጌጥ የተሰቀለ መረብ አለ፤ መሐሉ ተቀዷል። «አይ የሰው ነገር! ዕቃ እንዲህ ይያዛል?» ብለው ተነሡ። «አባዬ፣ ይተዉት!» ብል ማን ሰምቶኝ። ወንበር ስበው፣ ኮታቸውን አውልቀው መጠገን ጀመሩ። ቤቱ ሙሉ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻቸው ገባ፤ ሲጨርሱ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማናጀሯ ስትመጣ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን፣ መረቡን እኛው ነን የቀደድነው፣ አሮጌ እንዲመስል ብለን ነው አለችኝ። ደግሞ እንግዶቹ በጣም ስለወደዱት፣ አባትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ይጠግኑልን፣ እኛ በሳምንቱ መልሰን እንቀደዋለን፣ ምሳ በእኛ ነው አለች። እኔ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ።

ለአባዬ ሳስተረጉም መቅደዱን ዘለልኩት። «የሚጠገን መረብ ሞልቷል፣ ሥራ አገኙ» ብቻ አልኳቸው። የቲኬቱ ወሬ ቀረ። ቅዳሜ ሲሆን ጎሕ ሳይቀድ ሱፋቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኅሊናዬ አላስችል አለኝ። መኪና ውስጥ፣ «አባዬ፣ ደብቄዎት ነው እንጂ፣ መረቡን እኮ ራሳቸው ናቸው በመቀስ የሚቀዱት» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁብኝ። «መቀስ የቆረጠውንና ዓሣ የበጠሰውን የማልለይ መሰለሽ? ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይጠግናሉ?»

«ሐዋሳም ስጠግነው ዓሣው መልሶ ይቀደው ነበር እኮ። ይልቅ ንጂ፣ እንዳይረፍድብኝ።»