ከጋሼ ጋር ያከራከረኝ ሲግናል ጄነሬተር

ቢቸና ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ትርፍ ጊዜዬን የሚበላው ግን ሰዎች ለደስታቸው በራዲዮ የሚገናኙበት አማተር ራዲዮ ነው። በገዛ እጄ የሠራሁት መቀበያ ነበረኝ፤ የማሰራጫ ፈቃድ ስለሌለኝ ለማዳመጥ ብቻ። ችግሩ በደንብ አልተቃኘም። በሩቅ ጣቢያ ልቃኘው ስል ድምፁ አንዴ ጎላ፣ አንዴ ጠፋ ይልብኛል። ስለዚህ የማይዋዥቅ የራዲዮ ሞገድ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ሲግናል ጄነሬተር፣ ያስፈልገኝ ነበር።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ እንዲያፈላልግልኝ ብነግረው፣ «ስንት ኪሎዋት?» አለኝ። መብራት የሚያመነጨውን አይደለም ብዬ አስረዳሁት። በነጋታው የናፍጣ ጄነሬተር ፎቶ ላከልኝ።

ሞጣ አንድ አዛውንት አሉ፤ ጡረታ እስኪወጡ የራዲዮ መገናኛ ቴክኒሺያን ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ባማክራቸው፣ «አሮጌውን ግዢ፤ ባለ ብረት ሳጥኑን» አሉኝ። እኔ የፈለግሁት ከአዲሶቹ መዳፍ የምታክለውን፣ በባትሪ የምትሠራውን ነበር። «እሷማ መጫወቻ ናት» አሉ። በስልክ ስንከራከር ከረምን። አንዱን ምክንያታቸውን ስመልስ በሌላ ይመጣሉ። በመጨረሻ ታከተኝና ትንሿን ገዛሁ።

መቀበያዬንና እሷን ይዤ ወደ ሞጣ ሄድኩ። ሚኒባሱ ግንደወይን ላይ ሰው እስኪሞላ ስላስጠበቀን ስደርስ ገና ከበሩ ተነጫንጬ ነበር። መሣሪያዋን ሳገናኛት መቀበያው አፏጨ። ደስ አለኝ። ጋሼ ሁለቱን ያገናኘሁበትን ገመድ ነቀሉት። መቀበያው ማፏጨቱን ቀጠለ።

«ገመድ የለም። ምልክቱ በየት ገባ?»

«በአየር ነው፣ ጋሼ።»

«ሽፋኗ ፕላስቲክ ነው፤ በየጎኑ ታፈሳለች። በገመዱ የምትሰጪውን ደካማ ምልክት ከምታፈሰው በምን ትለዪዋለሽ?»

እውነታቸውን ነበር፤ ያበሳጨኝም እሱ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ እሳቸው ደግሞ ከድሮ ባልደረባቸው ትልቁን፣ ባለ ብረት ሳጥኑን፣ በውሰት አስመጡ። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ፤ ያወረዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ይሄኛው ሲበራ መጀመሪያ መሞቅ አለበት፤ እስኪሞቅ ፍሪኩዌንሲው እየተንሸራተተ አንድ ቦታ አይቆምም። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ልክ ሲረጋ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ እንደገና አሞቅነው፤ እንደገና ጠፋ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ ለዚህ አገር አይሆንም።»

«ዕቃው ምን አጠፋ? የጠፋው መብራቱ ነው።»

ባለቤታቸው ጓዳ ሆነው ሲስቁ ሰማሁ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ዕቃዬን ሰብስቤ ተመለስኩ።

ቢቸና ገብቼ ንዴቴ ሳይበርድ የቆርቆሮ ሳጥን ሠራሁ። ትንሿን ከነባትሪዋ ውስጡ ከተትኩ፤ መውጫው ላይ ምልክቱን ደረጃ በደረጃ የሚያደክሙ ሬዚስተሮች በየድኩ። እንደገና ሞጣ። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ያንኑ ገመድ መንቀል ነበር። መቀበያው ቀጭን ፉጨት አሰማ። ጆሯቸውን አስጠግተው፣ «በክዳኑ በኩል ነው» አሉ። ክዳኑን ዙሪያውን በብሎን አሳሰሩኝ። ያኔ ፉጨቱ ጸጥ አለ። ግን ፍሪኩዌንሲ በቀየርኩ ቁጥር ያን ሁሉ ብሎን መፍታት፣ መልሶም ማሰር ሆነ ሥራዬ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው «ይቺኛዋ ላልታለች» ይሉኛል።

ቢሆንም መብራቱ ሄደ መጣ ብለን አልቆምንም፤ መቀበያውም በባትሪ ነበር የሚሠራው። ወደ ማታ ገደማ ቅኝቱ አለቀ። ጋሼ አንቴናውን ሲሰኩት፣ አንድ ሰው ከሩቅ አገር የጣቢያውን መለያ የጥሪ ምልክት በእንግሊዝኛ እየደጋገመ ሲጣራ ጥርት ብሎ ተሰማ። አሁንስ ያምናሉ ብዬ ፊታቸውን አየሁ።

«መልካም ነው» አሉ። «በትልቁ ቢሆን ግን እስካሁን በጨረስን።»

የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነበር። መቀበያውን ልነቅል እጄን ስዘረጋ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰውየውን እያዳመጡ ነው። እዚያው ተውኩላቸውና ወጣሁ።