በስልክ ሽቦው ጫፍ የቀረው በቀለ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሁለተኛው መቶ ጦር ባለ ግራሩን ኮረብታ ይይዛል፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት የስልክ መስመር ይዘረጋለት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ባለ ግራሩ ኮረብታ ያልነው እኛ ነን። ካርታው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ከጅግጅጋ ወዲያ፣ በሜዳው መሃል ብቻውን የቆመ ጉብታ ነው፤ አናቱ ላይ አንድ ግራር፣ ከሥሩ ደግሞ እየዞረ የሚሄድ ደረቅ ወንዝ አለው። እኔ ያኔ የሃያ ዓመት ተራ ወታደር ነበርኩ፤ ሥራዬ የመገናኛ ሽቦ መዘርጋት። ጓደኛዬ በቀለ ይባላል። ከደብረ ሲና የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲሄድ የሚያፏጭ ልጅ ነው። አንዳችን ጥቅሉን ይሸከማል፣ ሌላው ሽቦውን በድንጋይ ሥር እየሸሸገ ይከተላል።

ከማዘዣ ጣቢያው እስከ ኮረብታው አናት ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ስልኩን አገናኝቼ የመደወያውን እጀታ አዞርኩ።

«ሃሎ! ይሰማል?»

«ይሰማል! እዚሁ አጠገቤ ያለህ ነው የሚመስለው!» አለኝ የሻምበሉ የመገናኛ ወታደር ከታች፣ ከማዘዣ ጣቢያው።

በቀለ ቆቡን ወደ ላይ ወረወረ። ልጆቼ፣ ጦር ሜዳ ላይ ደስታ አልነበረም ብዬ አልዋሻችሁም። ነበር። የሃያ ዓመት ልጆች ነበርን፤ ሽቦአችን ይሠራ ነበር።

ጥቃቱ የጀመረው በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ሞርታር። ቀጥሎ መትረየስ። ምሽጋችን ጥልቅ አልነበረም፤ ድንጋዩ አላስቆፍር ብሎን ነበር። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሦስት ሰው ሞተብን፤ ሦስቱንም የገደላቸው ሞርታሩ ነው። የመቶ አዛዡ መድፍ እንዲተኮስልን ሊጠይቅ ስልኩን አነሳ። ስልኩ ዝም አለ። ሽቦው ተበጥሷል።

«መድፍ ካልደረሰልን አንድ ሰዓት አንቆይም» አለን። ሌላ ነገር አልጨመረም።

እኔና በቀለ ሽቦውን በእጃችን እየዳሰስን ቁልቁል ወረድን። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የተበጠሰ ቦታ አገኘን። ልቀጥለው ተንበረከክሁ። በቀለ ወደ ወንዙ ተመለከተ፤ እዚያም ሞርታር ሲያርፍ አይተናል።

«አንተ ይህን ጨርስና ተመለስ፤ እኔ የታችኛውን አያለሁ» አለኝ።

«አብረን እንሂድ እንጂ።»

«ላይ ያሉት አሁን የሚፈልጉት ሽቦውን ነው፣ እኛን አይደለም» ብሎ ሳቀና ሮጠ።

የኔን ቀጥዬ ወደ ላይ ተመለስኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከዚያ ስልኩ ጮኸ! እንደዚያ ያለ ደወል ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። የመቶ አዛዡ የዒላማውን ቁጥሮች እየጮኸ ነገራቸው። መድፉ መጣ። ጥቃቱ ተሰበረ። ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ደረቁ ወንዝ ሞልቶ ማጓራት ጀመረ። በቀለ አልተመለሰም።

የወንዙ ዳር በእነሱ ተኩስ ሥር ስለነበር መውረድ የቻልነው በሦስተኛው ቀን ነው። የሽቦውን ቅጥያ አገኘሁት። የበቀለ የእጅ ሥራ ነበር፤ እሱ ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የሚቋጥረው። እሱን ግን አላገኘነውም። ደም የለም፣ መሣሪያ የለም፣ ሁሉን ጎርፉ አጥቦታል። ወደ ማዶ አልተሻገርንም። በሪፖርቱ ላይ «የት እንደደረሰ አልታወቀም» ተብሎ ተጻፈ። በአፍ ግን ሌላ ነገር ተወራ፤ ከድቶ ወደ እነሱ ገብቷል ተባለ። ወሬው ደብረ ሲና ድረስ ሄደ። እናቱ ለቅሶ ሳትቀመጥለት ሞተች። ለሞተ ይለቀሳል፤ ከዳ ለተባለ ልጅ ግን ማን መጥቶ ያላቅሳል?

ለልጅ ልጄ ለማህሌት አንድ አርብ ቀን የነገርኳት እስከዚህ ድረስ ነው።

ሀርጌሳ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ልጄ እዚህ ግንበኛ ነው፤ የእሱ ልጅ ማህሌት ደግሞ የሙሽሮች ፀጉር ትሠራለች። ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አርብ አርብ ሥራ ስለማትገባ ግቢው ውስጥ ልትቀርጸኝ ስልኳን ፊት ለፊቴ ታቆምና «አባባ፣ ወንድሞቼም ልጆቻቸውም ይስሙት፤ አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ» ትለኛለች። ባጃጅ ሲያልፍ እናቆማለን፤ ሲርቅ እንቀጥላለን።

ያን አርብ ቤቱን ያከራየን ሐጂ ዩሱፍ ከጁምዓ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶናል። ዩሱፍ ያደገው ድሬዳዋ ነው፤ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። እንደ ድሬ ልጆች ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንተ» ነው የሚለኝ። ወታደር እንደነበረ አውቃለሁ። በየትኛው ወገን እንደነበረም አውቃለሁ። በዚያ ጉዳይ ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ስጨርስ ገባ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«አቦ፣ ያ ኮረብታ ግራሩ አንድ ብቻ ነው? ወንዙ በሥሩ የሚዞረው?»

«አንድ ብቻ ነው።»

«በረዶ የጣለ ቀን?»

«በረዶ የጣለ ቀን።»

«ወላሂ፣ እኔ ከወንዙ ማዶ ነበርኩ። ሞርታር ላይ።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ማህሌት «አባባ፣ ይቀመጡ!» ትላለች፤ አልተቀመጥኩም። ሞርታር ሲል ሁለታችንም ምን እንደተባለ ገብቶናል።

«በዚያ ቀን አንድ ልጅ ወንዙ ውስጥ ወድቆ አግኝተናል» አለ ቀስ ብሎ። «ደረቱን ተመቷል። እጁ ላይ ፒንሳ ነበር። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ጎርፍ እንዳይወስደው ብለን ወደ ማዶው ዳገት አወጣነው። ከኛ ምድብም ሁለት ልጆች ሞተው ነበር፤ ከእነሱ ጎን ቀበርነው።»

«በቀለ ነው!» ልል ነበር። ግን ፒንሳ ሽቦ ዘርጊ ሁሉ ይይዛል። ታሪኩንም አሁን ከኔ አፍ ሰምቶታል። ደስታዬን በግድ አፍኜ ያዝኩት።

«ሌላስ የምታስታውሰው ነገር አለ?»

ዩሱፍ ዓይኑን ጨፈነ። «ጫማው» አለ። «የግራ ጫማው ክር አልነበረውም። በስልክ ሽቦ ነው የታሰረው።»

ጮኽኩ። መንገደኛ ቆሞ እስኪያየን ድረስ ጮኽኩ። ያንን ጫማ ያሰርኩት እኔ ነኝ! ኮረብታውን ስንወጣ ክሩ ተበጠሰበትና ከጥቅሉ ክንድ ያህል ቆርጬ «የመንግሥት ንብረት ነው፣ አደራ» እያልኩ አሰርኩለት። ይህን ለማህሌት አልነገርኳትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ እኔው ራሴ ረስቼው ነበር። ዩሱፍ እጄን አጥብቆ ይዞኛል። ማህሌት ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች።

«በቀለ አልከዳም! አልከዳም!» እላለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት ቀረጻው ላይ አለላችሁ።

ዘነበች የምትባል የበቀለ እህት አለች፤ ዛሬም ደብረ ሲና ናት። ለበዓል እደውልላታለሁ፤ ስለ ወንድሟ ግን አንስተን አናውቅም። ማህሌት የዘነበችን ቁጥር ደወለችልኝ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«ዘነበች! በቀለን አገኘነው!» አልኳት።

«በሕይወት አለ?» ብላ ጮኸች።

ያኔ ነው ስህተቴ የገባኝ። ከደስታዬ ብዛት ምን እንደምል አላሰብኩም ነበር።

«የለም፣ እህቴ። ያን ዕለት ነው የሞተው። ሽቦውን ቀጥሎ ነው የሞተው። አልከዳም።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ማን አየው?» አለች በመጨረሻ።

ዩሱፍ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «እኔ ነኝ፣ እህቴ። ዩሱፍ እባላለሁ። ያኔ በሌላው በኩል ነበርኩ። በእጄ ነው የቀበርኩት።»

ትዘጋዋለች ብዬ ፈራሁ።

«ድንጋይ ደርባችሁበታል?» አለችው። «ጅብ አላወጣውም?»

«ደርበንበታል። ትልልቅ ድንጋይ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ እንደተከመረ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ድምፅዋ ከስልኩ ራቀ። ወደ ደጅ ወጥታ ትጣራ ነበር። «ኑ ግቡ! ወንድሜ ሞቷል! ሞቶ ነው እኮ፣ ሞቶ ነው!» ላላወቀ ሰው የምሥራች የምትናገር ይመስለዋል። ጎረቤቶቿ ሲገቡ ሰማን፤ ለቅሶው ሲጀመር ሰማን። ስልኩን ማናችንም አልዘጋነውም። ሦስታችንም ቆመን ሰማነው።

በማግስቱ ጠዋት እኔና ዩሱፍ በማህሌት ደብተር ላይ በዚያ ኮረብታ የሞቱትን ስም አጻፍን። በኛ በኩል ኃይሉ፣ ገብሬ፣ ሙሉጌታ፣ በቀለ። በእነሱ በኩል ዩሱፍ በስም የሚያስታውሳቸው ስድስት ናቸው፤ ሌሎችም ነበሩ። የአንዱን ስም ለማስታወስ እስከ ምሳ ሰዓት ተጨነቀ፤ አልመጣለትም። ማህሌት መስመሩን ባዶ ተወችለት።

ያ ጦርነት ይገባ ነበር አይገባም ብዬ የምነግራችሁ ነገር የለኝም፤ ያንን የሚያውቁት ይጻፉት። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ማስረጃ የለኝም እያልኩ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልኩ። ቀደም ብዬ በየደረስኩበት ብናገር ኖሮ እናቱ ታለቅስለት ነበር ይሆን? አላውቅም።

እናንተ ግን ስትጠየቁ እንዲህ በሉ፤ በዚያ ኮረብታ ከመቶ ጦራችን አራት ሰው ሞቷል። የከዳ የለም።