ያ ጥምቀት መቼ ይመለሳል?

ሚኒባስ ውስጥ የፈተና ወረቀት አታርሙ፤ እኔን ያየ ይቀጣ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስሄድ የተማሪዎቼን የሒሳብ ፈተና አርማለሁ። ከድብ ባሕር የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ወረቀቱን ሲያዩ ቆዩና ጠጋ አሉኝ።

«መምህር፣ ሚስቴን መጀመሪያ ያየኋት ጥምቀት ዕለት ነው። ሰኞ ነበር፤ ዘመኑ ማቴዎስ፤ ጨረቃዋም ሞልታ ነበር። አምና ቀበርኳት። ሁሉም እንደዚያው የሆነ ጥምቀት መቼ ይመለሳል? የነፍስ አባቴን መጠየቅ አፈርኩ።»

አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ የበዓላቱን ስሌት አውቀዋለሁ። ዕለቱና ወንጌላዊው ተገናኝተው በሃያ ስምንት ዓመት ይመለሳሉ፤ ጨረቃዋ በአሥራ ዘጠኝ። ሁለቱ ቁጥሮች የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ ካልተባዙ አይገናኙም። በሆዴ አባዛሁ። ደነገጥኩና ደግሜ አባዛሁ፤ ያው ነው። ሽማግሌው አፌን አፌን ያያሉ።

«እህ፣ መቼ ነው?»

«አያ፣ ከዚያ ጥምቀት በኋላ አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ይፈጃል» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ለመውረድ ተነሡ። ፊታቸው በርቷል።

«ሸጋ ነው!» አሉኝ። «እኔ እኮ ጭራሽ የማይመለስ መስሎኝ ነበር።»