የእማ ዘውዴ ሰንበት

ልጅ ሳለሁ፣ ከወረታ ወጣ ብሎ ከሩዝ ማሳው ዳር፣ እማ ዘውዴ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ነበሩን። ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ልጆቻቸው ኢየሩሳሌም ሄደው እሳቸው ብቻቸውን ቀርተዋል። ያኔ ሲመሽ፣ ሸክላ ከተኮሱበት ፍም ዳር ተቀምጠው የአብርሃምንና የዮሴፍን ታሪክ ሲያወጉኝ፣ የገለባው ጭስ ዓይኔን እየለበለበኝ እንኳ አልነሳም ነበር።

አያቴ ቄስ ነበሩ። እኔን ሊወስዱ ይመጡና ክርክር ይዘው እዚያው ይቀራሉ።

«ዘውዴ፣ የምትጠብቂው እኮ መጥቷል!»

«ታዲያ መምሬ፣ ከመጣ ዓለሙ ስለምን እንዲህ ሆነ?»

«ዳግም ይመጣላ!»

«ይኸው! እርስዎም እየጠበቁ ነዋ!» ብለው ይስቃሉ፤ አያቴም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ይሸፍናሉ።

አንድ ክረምት እማ ዘውዴ አልጋ ያዙ። ያልተጠመቀ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም፤ እንደ ሕጋቸው የሚቀብራቸው ወገን ደግሞ ባካባቢው አልቀረም። አያቴ ከመደቡ ሥር ቁጭ ብለው፣ «ተጠመቂልኝ ዘውዴ፣ ያለ ቀባሪ ትቀሪብኛለሽ» አሉ። 

«መምሬ፣ እርስዎስ ቀባሪ ቢያጡ ማተብዎን ይበጥሳሉ?» አሉ እማ ዘውዴ።

ዓርብ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ዐረፉ። በሕጋቸው ቅዳሜ እሳት አይነድም፣ መሬት አይቆፈርም። ጎረቤቱ ግን ሬሳ ከዚህ በላይ አይቆይ ብሎ በማለዳ አካፋ ይዞ መጣ። አያቴ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዛሬ አይሆንም።»

«ምነው መምሬ፣ ወደ ኦሪት ተመለሱ እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

«ሰንበቷ ነው» ብቻ አሉ።

በዚያ ዝናብ፣ እሳት በሌለበት ቤት፣ ጋቢያቸውን ለሁለታችን ደርበው ሬሳውን ሲጠብቁ ዋሉ። በነጋታው እሑድ፣ ቀድሰው እንደ ወጡ፣ የራሳቸው ሰንበት በሆነው ቀን፣ ከአጎቴ ጋር ሆነው ጓሮው ውስጥ ቆፈሩላቸው። ፍትሐት ሊፈቱላቸው አይችሉም፤ መስቀላቸውንም አላወጡም። ዝም ብለው አፈር መለሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አባባ፣ እማ ዘውዴ ገነት ይገባሉ?» አልኳቸው። ለጥያቄ ሁሉ ከመጽሐፍ መልስ የማያጡት አያቴ ጭቃው መሃል ቆሙ። «እኔ እንጃ ልጄ» አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ትምህርቴን አቋርጬ ተዳርኩ፤ አያቴም አለፉ። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው ከጆሮዬ አልቆየም። ሰባኪው እገሌ ይጸድቃል፣ እነ እገሌ ይኮነናሉ እያለ ቆርጦ መናገር ሲጀምር ግን፣ እኒያ ሽማግሌ ጭቃ ውስጥ ቆመው ሲያለቅሱ ይታዩኛል፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስብና ልጄን አዝዬ ቀስ ብዬ እወጣለሁ።