የሦስት መኪና ፍሬን

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ስለኖረ፣ ሰፈሩ «ቆጣሪው» እያለ ነው የሚጠራው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ስሙ አልለቀቀውም። በእነዚያ ዓመታት ስንት ጊዜ ተንበርክኮ የብረት ክዳን እንዳነሳ እሱ አያውቅም፤ ጉልበቶቹ ግን ያውቃሉ። ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላሉ።

ለጡረታው ያሰበው ቁጭ ብሎ ማረፍ ነበር። ዕረፍቱ ስምንት ወር እንኳ አልሞላም። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ መጀመሪያ እግሯ አበጠ፣ ቀጥሎ ፊቷ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገልብጦ አየና፣ «ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል» አላቸው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ደሟን ማሽን ያጥብላታል። አራት ሰዓት ትተኛለች። እሱ ደግሞ አራት ሰዓት መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነ ነገር ውስጥ ይቆያል።

መኪናዋ ትንሽ የቤት መኪና ናት። መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ ሲያስወግዳት ነው የገዛት። ባለቤቱ በደህናው ጊዜ፣ «ሁለታችሁንም ባንድ ዓመት ነው ያስወገዷችሁ፤ የሚገርመኝ አንተን በነፃ መስጠታቸው ነው» እያለች ትስቅበት ነበር።

ሆስፒታሉ ከከተማው በላይ ጉብታ ላይ ነው ያለው። መውጣቱ ቀላል ነው፣ መኪናዋ ታቃስታለች እንጂ ትወጣለች። ጭንቁ ቁልቁለቱ ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቱ ከማሽኑ ወርዳ እንደ ታጠበ ልብስ ተዝለፍልፋ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ ፍሬን ያዘ። መርገጫው ጭቃ እንደረገጠ ሰው እግር ወደ ታች ሰመጠ። ደገመው፤ ምንም። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ገባ። ማርሹን ወደ አንደኛ ሲመታው ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር እያፋተገ ወረደና፣ ቆሞ ከነበረ የአሸዋ መኪና ጀርባ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ሞተሩን አጠፋ። ትንሽ ቆይታ ባለቤቱ ዓይኗን ገለጠች።

«ደረስን?»

«ገና ነው። ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ ነው።»

«አረፍ በል» አለችና መልሳ ጨፈነች። እሱም ነገሩን ሆድ ይፍጀው አለ። ሸራው እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው፣ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተቱ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ወደ ዳዶ ጋራዥ ሄደ። ዳዶ አጭርና ድንቡሽ ያለ መካኒክ ነው። ቡሎን ላይ በሚጠመዘዘው ብረት ስም የጠሩት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ እሱም ተቀብሎ በሩ ላይ አጽፎታል። የፊት ጎማዎቹን ፈታና ውስጡን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሸራውን የሸፈነው ታምቡር እንደተከደነ ድስት ነው። ቁልቁለቱን ሙሉ ሲረግጡት ይግላል፣ ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። አዲስ ሸራ ብንቀይርለት ለሁለት ሳምንት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መሸጥ።»

«ማን ይገዛታል?»

ዳዶ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አያት። «እሱስ ልክ ነዎት» አለ። ከዚያ ሸራውን ወዲያ ጥሎ፣ «ዲስክ እናድርግላት። ዲስክ ክፍት ሳህን ነው፣ ነፋስ ያገኘዋል። ግን ለዚህች መኪና ዲስክ የሠራ ፋብሪካ የለም። ከየመኪናው ለቃቅመን ማጋባት ነው» አለው።

«ይጋባል?»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባል የለ? ቁልቁለቱ ነው አንበሳው።»

እንዲህ ተጀመረ። ሳህኑ ከአንድ የተገለበጠ የቤት መኪና ተፈታ። ሳህኑን ከሁለት ወገን የሚነክሰው ካሊፐር ደግሞ ከአሮጌ ፒክአፕ። የፍሬን ዘይት የሚያመላልሰው ጎማ ቱቦ ከሁለቱም አልገጥም ብሎ ከሦስተኛ መኪና መጣ። የሳህኑ የመሐል ቀዳዳ ስለጠበበ ቶርኖ ቤት ገብቶ ሰፋ። ካሊፐሩን የሚሸከመው ብረት ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ አልገጥም ሲል ሌላ ተቆረጠ። ሁሉ ነገር አለቀ ሲባል ደግሞ ጎማው የሚታሰርበት የድሮው ቸርኬ ካሊፐሩን ነካ። አንድ ቁጥር የሚበልጥ ቸርኬ ፍለጋ ቆጣሪው ሁለት ቀን ሙሉ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ለመሸጫ ዞረ። ዕድሜውን በየበሩ ያንኳኳ ሰው ስለሆነ ማንኳኳቱ አልከበደውም። የከበደው ቸርኬዎቹን ይዞ መመለሱ ነው።

በመሐሉ ሕክምናው አይቆምም። ባልና ሚስት ሁለት አውቶቡስ እየቀያየሩ ወጡ፣ ወረዱ። ሲመለሱ መቀመጫ የጠፋ ቀን፣ እሷ ምሰሶውን አቅፋ፣ እሱ እሷን ከነምሰሶው አቅፎ፣ ሰፈራቸው እስኪደርሱ ቆመው ሄዱ።

በዘጠነኛው ቀን ዳዶ፣ «አለቀ፤ የፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ደወለ። ዓርብ ነበር። ባለቤቱ፣ «እኔም እመጣለሁ፣ ግድግዳ ማየት ሰልችቶኛል» አለችና የጀመረችውን የትራስ ልብስ ይዛ ተከተለችው። ዳዶ ከመኪና የተፈታ መቀመጫ ግድግዳው ሥር አመቻቸላት።

ቆጣሪው መሪው ጋ ተቀመጠ፤ ዳዶ ከጎማው ሥር ገባ።

«ይርገጡ ጋሼ!»

«ረገጥኩ!»

«ይያዙት!» ከታች ዘይት ፊጭ ይላል። «ይልቀቁ! ይርገጡ!»

መቶ ጊዜ ረገጠ። ሁለት መቶ ጊዜ ረገጠ። መርገጫው ልክ እንደዚያ ማክሰኞ፣ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ሌላ ዘይት ጨመሩ፣ ቱቦውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ መቱ፣ ማያያዣዎቹን ሁሉ አጠበቁ። ሁለት ሰዓት አለፈ። የቆጣሪው ቀኝ ጉልበት ይነድ ጀመር፤ በግራ እግሩ ቀየረ።

በመጨረሻ ዳዶ ወጥቶ መሬት ላይ ተዘረጋ። «አየሩ እኮ ተጣብቋል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ አየር አይቼ አላውቅም።»

ቆጣሪው ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ነገ ቅዳሜ መሆኑን፣ አውቶቡሱንም ምሰሶውንም አሰበ።

«ያ አየር ማውጫ የምትሉት የቱ ነው?» አለች ባለቤቱ ከመቀመጫዋ።

«ይቺ ናት፣ እትዬ፣ ካሊፐሩ ግርጌ ያለችው ትንሿ ቡሎን።»

«ግርጌ?» መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ጎማው ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ አየች። «እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር ታስሬ ነው የምውለው። ደሜ የሚሄድበት ቱቦ ላይ አየር የሚያጠምድ ብልቃጥ ቢጤ አለ። ነርሷ ሁልጊዜ ቀጥ አድርጋ ነው የምታቆመው። ለምንድነው ስላት፣ ‹አየር ሽቅብ ነው የሚሸሸው፤ የምንይዘውም ከላይ ነው› አለችኝ። እናንተ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ከታች በር ትከፍቱለታላችሁ?»

ዳዶ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ተነሥቶ የቀኙን ካሊፐር አየ፣ ዞሮ የግራውን አየ፣ ባልታጠበ እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ነው ያሰርኩት፤ ማውጫው ከታች የዋለው ለዚህ ነው! ሲገጥም ጊዜ አላጤንኩም። ጫማውን ገልብጦ እንዳደረገ ሕፃን! ቶሎ ላድርስ ብዬ... ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።»

«በል ፍታው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔም ስንቴ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ።»

ዳዶ ካሊፐሮቹን ሲያቀያይር ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ ጉልበቱን ያሻል፤ እሷ ትሰፋለች።

«ያን ቀን አልተኛሁም ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል።

«የትኛውን ቀን?»

«የአሸዋ መኪናውን ቀን።»

እጁ ጉልበቱ ላይ ቆመ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለመጮህ አቅም አልነበረኝም። ደግሞ ብጮህ ፍሬኑ አይሠራልህ። ዓይኔን ካየህ ትደነግጣለህ ብዬ ጨፈንኩ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? በቃ፣ ሐሙስ የለም አልኩ። ማሽኑም፣ መርፌውም፣ መውጣት መውረዱም የለም። ቀለል አለኝ። አንተ አጠገቤ መሆንህ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ነው የቆጨኝ።»

«እኔም ደክሞኛል» ሊል ነበር፤ አልወጣለትም። ለማሽኑ መርፌ ተብሎ ደም ሥሯ በቀዶ ሕክምና የተጋጠመበትን፣ ሁልጊዜ የሚነዝረውን ግራ ክንዷን በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ነካው። እሷም አልሸሸችም።

«ይርገጡ ጋሼ!» አለ ዳዶ ከታች።

ሄዶ ረገጠ። አየሩ ተንጫጭቶ ወጣ። በአሥረኛው ላይ መርገጫው እንደ ግድግዳ ጠጠረ። ዳዶ ደስታውን የሚያሳይበት ጉልበት ስላልቀረው አውራ ጣቱን ብቻ ከመኪናዋ ሥር አወጣ።

ቅዳሜ በቁልቁለቱ ወረዱ። ቆጣሪው በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሆን ብሎ ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። በሁለተኛው ላይም ቀጥ አለች፣ ግን ወደ ግራ ትንሽ ሳበች።

«ከእኔ ጋር ጥል አላት፣ ወዳንተ ነው የምታደላው» አለች ባለቤቱ።

ሰኞ ዳዶ አየና አንደኛው ካሊፐር የሚንሸራተትበት ዘንግ ዝጎ እንደነበር አገኘ፤ አጸዳው፣ ቅባት ቀባው፣ መሳቧም ቀረ። ከዚያ ወዲያ ፍሬኑ አላስቸገረም።

ሕክምናው ግን ያው ሕክምና ነው። ማክሰኞ ያልፍና ሐሙስ ይመጣል። ቆጣሪው አሁን የሚፈራው ቁልቁለቱን ሳይሆን የራሱን እንቅልፍ ሆነ። ስለዚህ ከአራተኛው ኩርባ በታች ሜዳ የሆነ ቦታ አገኙ። ሲመለሱ እዚያ ዳር ይዘው ይቆማሉ፣ ወንበሮቹን ወደ ኋላ ያጋድማሉ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ሁለቱም ይተኛሉ።

አንድ ሐሙስ ትራፊክ ፖሊስ መስኮቱን አንኳኳ። ቆጣሪው ደንግጦ ነቃና መስታወቱን አወረደ።

«አባት፣ ተበላሽታ ነው?»

«ኧረ ደህና ናት ልጄ። እኛ ነን የደከመን።»

ትራፊኩ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ሴትዮዋን አየ፤ ክንዷ ላይ ያለውን ፋሻ አየ። ወደ መንገዱ ጠርዝ ሄዶ ቆመና ቁልቁል የሚመጡትን መኪኖች በእጁ እየመራ፣ ከቆመችው መኪና እያራቀ ያሳልፍ ጀመር።