ሽታዬና የወንዶ ገነት ዐቀበት

ሀዋሳ በሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ የሜዳ ሰው ደግሞ ለዐቀበት የሚያስፈልገውን ነገር ሁሉ እንደ ትርፍ ዕቃ ይቈጥረዋል። ስለዚህ በከተማችን ብስክሌት የገዛ ብዙ ሰው አስቀድሞ ወደ ጠጋኝ ወስዶ ማርሹን ያስወልቃል። «አቧራ ይገባበታል፤ ካቴና ይጥላል» ይባላል። ልማዱ ለሜዳው ክፉ አልነበረም።

ሽታዬ በገበያው ቅመማ ቅመም የምትነግድ የሁለት ልጆች እናት ናት። የኮረሪማውንና የጥቁር አዝሙዱን ከረጢት ከብስክሌቷ ኋላ አስራ ለደንበኞቿ ታደርሳለች፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሠፈሯን ልጃገረዶች ብስክሌት ታስተምራለች። ልጃገረዶቹ ወደ ከተማው የብስክሌት ክለብ ለመግባት ቢመኙም ክለቡ የሴቶች ክፍል አልነበረውም። ሽታዬም ስለ እነርሱ ልትጠይቅ ወደ ክለቡ ሰብሳቢ ወደ አቶ አምሳሉ ሄደች።

«እኅቴ፣ የእኛ መንገድ ተራራ ነው» አሏት። «አንዲት ሴት እግሯን መሬት ሳታስነካ የወንዶ ገነትን ጫካ እስከ አናቱ ወጥታ ታሳየኝ። ያን ጊዜ የሴቶች ክፍል እከፍታለሁ።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

በዚያው ሳምንት ከክለቡ ወጣቶች ጋር ወደ ወንዶ ገነት ሄደች። የብስክሌቷ ማርሽ ከተወለቀ ዓመታት ስላለፉ፣ መጉደሉን እንኳ አላሰበችም። ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ፔዳሉ እንደ ተቸነከረ ሁሉ አልዞር አላት፤ ወርዳ መግፋት ጀመረች።

«እትዬ ሽታዬ፣ ብስክሌቷ ደክሟት ነው የሚደግፏት?» አለ አንዱ ወጣት እያለፋት።

«አዎ፤ እንደ ምላስህ አልበረታችም።»

በማግስቱ ብስክሌቷን ማርሹን ወዳወለቀላት ወደ ጠጋኙ ኑሪ ወሰደች።

«አንተ ነህ ያወለቅኸው፤ መልሰህ ግጠምልኝ።»

ኑሪ አንገቱን አከከ። «ሽታዬ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማውለቅ እንጂ መግጠም አልሠራሁም።»

«እንግዲያውስ አብረን እንማራለን።»

ገጠሙት፤ ካቴናው ወደቀ። እንደገና ገጠሙት፤ አሁንም ወደቀ። በመጨረሻ ግን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሽታዬ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ከከተማው ዳር ያለውን የታቦርን ኮረብታ በየማለዳው ትወጣ ጀመር። ዐቀበቱ ጉልበቷን ከጨረሰ በኋላ ማርሽ መቀየር ከንቱ እንደ ሆነ የተረዳችው በዚያ ነው፤ ማርሹን አስቀድማ ማቅለል ነበረባት። ማንም ሰው ይህን ትምህርት ከኮረብታ ውጭ ሊማረው ይችል ነበር፤ የሚማረው ግን ጥቂት ነው።

ክረምቱ ሲያበቃ ወደ ጫካው ተመለሰች። አቶ አምሳሉ በሞተር ብስክሌት ከኋላዋ ተከተሏት። የዝግባዎቹ ግንድ ጭጋጉን እየሰነጠቀ ይወጣል፤ ከላይ ጉሬዛዎች ይጮኻሉ። በጠመዝማዛው ላይ ማርሹን ቀድማ አቀለለች፤ አለፈችው። ከዚያ በላይ ግን መንገዱ ጭቃ ነበር። የኋላው ጎማ ተንሸራተተና ብስክሌቷ ወደ ጎን አዘነበለች። ሽታዬ ትከሻዋን ከአንድ ዝግባ ላይ ጣለች፤ እግሮቿ ከፔዳሉ አልወረዱም።

«ተደገፍሽ እኮ!» አሉ አቶ አምሳሉ።

«እግር አሉኝ እንጂ ትከሻ አላሉኝም፣ ጋሼ።»

ሰውየው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እርሷም ግንዱን በክንዷ ገፍታ ተነሣች፤ ትንፋሿ እየተቈራረጠ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ እየተረጨ፣ ዛፎቹ እስኪሳሱና ሰማዩ እስኪገለጥ ድረስ ወጣች። በአናቱ ላይ ያለው ሜዳ ጠባብ ነው። እርሷ ግን አልቆመችም፤ ሞተራቸውን ባቆሙት በአቶ አምሳሉ ዙሪያ ቀስ ብላ ትዞር ጀመር።

«ቃሌን አላጥፍም» አሉ እርሷን ለማየት አብረው እየዞሩ። «ክፍሉን እከፍታለሁ። ነገር ግን ለሴቶቹ የሚሆን አሠልጣኝ ከየት አመጣለሁ?»

«አሠልጣኟ ገና ከብስክሌቷ አልወረደችም።»

አቶ አምሳሉ የራስ ቁራቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉላት፤ ሽታዬም ያን ጊዜ ፍሬን ይዛ እግሯን መሬት አስነካች።