አባቷ የሚመጣባቸው እሑዶች

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ መስቀል ተሳልሜ ተነስቻለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀል ይሆናል። እኔ ከልጄ አባት ላይ የልጅ ቀለብ በውሸት ተቀብያለሁ። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ለውሸቱ ያገዘችኝ ልጄ ናት፤ አስተምሬ ያዋሸኋት እኔ ነኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ቦሌ፣ ከአንድ ትልቅ ቪላ ጓሮ ባለች ሰርቪስ ቤት ከልጄ ከሰናይት ጋር እንኖር ነበር። ኪራይ አልከፍልም፤ በምትኩ የባለ ቪላዎቹን ልብስ አጥባለሁ። ያን ጊዜ ሳስበው ሁሉም ነገር በጉም ውስጥ ሆኖ ይታየኛል። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ሰናይት ትስቃለች፣ ከዚያ ጸጥታው ተመልሶ ይመጣል። ከአጥሩ ወዲያ እስከ ጉርድ ሾላ ድረስ ሜዳና ባሕር ዛፍ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይተኛበታል። አሁን ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ሳልፍ ቤቴ የት ጋ እንደነበረች እንኳ መለየት አልችልም። አንዳንዴ ያ ሁሉ በእውኔ የሆነ አይመስለኝም። ግን ሆኗል፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ከሰናይት አባት ከንጉሤ ጋር ስንለያይ የዳኘን የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ነው። ንጉሤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ እኔ በእጄ የሚገባ ሳንቲም አልነበረኝም። ሸንጎው ከደመወዙ ሲሶውን በየወሩ ለልጁ እንዲቆርጥ ወሰነ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ "ከሁለት አንዳችሁ ገቢያችሁ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ መጥታችሁ አስታውቁ፤ ቀለቡ እንደገና ይታያል" አሉን። ሁለታችንም እሺ አልን። እኔ እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር። ገቢዬ ከፍ ይላል ብዬ መቼ አስቤ!

ዓመት ሳይሞላ ከፍ አለ። ቪላው ውስጥ ተከራይታ የነበረችው ፈረንጅ አገሯ ስትገባ የስፌት መኪናዋን ትታልኝ ሄደች። በመጋረጃ ጀመርኩ፣ ቀሚስ ጨመርኩ፣ የቦሌ ወይዛዝርት ካንዷ አንዷ እየሰሙ በጓሮ በር ይመጡ ጀመር። ከንጉሤ ደመወዝ በላይ የማገኝበት ወር መጣ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬን ግን ለማንም አላሳየሁም። ትንሽ ያለው ሁሉ "ንዑስ ከበርቴ" የሚባልበት ጊዜ ስለነበር የቀበሌው ዓይን ውስጥ መግባት ፈራሁ። እስከዚህ ድረስ የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም። ከንጉሤስ ምን ያስደብቀኛል? እሱ ቀበሌ ነው?

ንጉሤ ደመወዝ በወጣ በመጀመሪያው እሑድ ከጉርድ ሾላ ሜዳውን አቋርጦ በእግሩ ይመጣ ነበር። እሱ ሳይደርስ ቤታችን ይለወጣል። የስፌት መኪናውን በአሮጌ ብርድ ልብስ እሸፍነዋለሁ። የሰናይትን ነጭ ጫማና ቀይ ሹራብ አስወልቄ፣ ክንዱ የተቀደደ ቀሚስ አለብሳታለሁ። ስድስት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ጨዋታ መሰላት። እያደር ራሷ ለመደችው፤ እሑድ ጠዋት አልጋዋ ላይ ቁጭ ትልና፣

"እማዬ፣ ዛሬ አባባ የሚመጣበት ቀን ነው? ላውልቅ?" ትለኛለች።

"አዎ የኔ ልጅ፣ አውልቂ።"

አንድ ቀን ደግሞ፣ "አባባ ሲመጣ ብቻ ነው ድሃ የምንሆነው?" አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። ምኑ ነው ያሳቀኝ? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

አንድ የክረምት እሑድ ንጉሤ ሲመጣ ሰናይት በባዶ እግሯ ጭቃው ውስጥ ቆማ አገኛት። አቅፏት ገባ። እግሯን በመሐረቡ ጠራርጎ፣ እንዲሞቃት በሁለት እጁ ውስጥ ያዘው።

"ይቺ ልጅ በዚህ ብርድ በባዶ እግሯ?" አለኝ።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ጫማው አልጋው ስር ነው፤ ጎንበስ ብዬ ማውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን፣ "ምን ላድርግ ንጉሤ? አንተ የምትሰጠኝ ከወር ወር አያደርሰኝም" አልኩት። አልኩት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ አልኩት።

በወሩ መሥሪያ ቤቱን ለምኖ ወደ አሰብ መስመር ተዛወረ። የበረሃ አበል ስላለው ለልጄ እጨምራለሁ አለ። ይባስ ብሎ ቀበሌ ሄዶ ገቢው ከፍ ማለቱን ራሱ አስታወቀ፤ ቀለቡ እንዲጨመርበት ራሱ ጠየቀ። እኔ ከጎኑ አንገቴን ደፍቼ ቆሜአለሁ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺስ፣ የተለወጠ ነገር አለ?" አሉኝ።

"ያው ነኝ" አልኩ።

በዚያ ብር ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዛሁ።

ዓመት አልፎ ዓመት መጣ። ብሩ በየወሩ በባልደረቦቹ እጅ ይደርሰኛል። እሱ ራሱ በሕልሜ እየመጣ ያስጨንቀኝ ነበር፦ ነጭ ሙቀት ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የትም አይደርስም። ስነቃ ተነስቼ ስፌቴ ላይ እቀመጣለሁ። ሰናይት ግን ደስ ብሏት ነበር፤ ማንም ጫማ አውልቂ አይላትም። ከጎረቤት ልጅ ጋር ስትጫወት "አባባ ባይመጣ ይሻላል" ስትል ሰማኋት። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ሳይናገር መጣ። ጠቁሯል፣ ወባ አድቅቆታል። ሰናይት ነጭ ካልሲና አዲስ ጫማ አድርጋ በሩ ላይ ገመድ ትዘላለች፤ እኔ በመስኮት አያለሁ። ወደ እሱ አልሮጠችም። እንዳየችው መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ የጫማዋን ክር በጥድፊያ መፍታት ጀመረች።

ንጉሤ ቆሞ አያት። ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ዓለሙ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ዝቅ ብሎ የፈታችውን ክር መልሶ አሰረላት።

"ተይው የኔ እናት፣ ያምርብሻል" አላት።

ገብቶ ውሃ ጠጣ፣ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ሄደ። ሊከሰኝ ይችል ነበር፤ አልከሰሰኝም። ሰናይት ለአካለ መጠን እስክትደርስ አንድ ወር ሳያጓድል ቀለቧን ሰጠ። እኔስ? "ይበቃል፣ አልፈልግም" ልለው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። እንዲያ ማለት ጥፋቴን ማመን ሆነብኝና በየወሩ እጄን ዘረጋሁ።

ንጉሤ አምና አረፈ። ለቅሶው ላይ ሰናይት እንባ አልወጣትም። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ እኔ ክፉ ልጅ ነበርኩ መሰለኝ" አለችኝ። "አባባ ምንም አልበደለኝም። ግን ሲመጣ ደስ አይለኝም ነበር፤ ሲስመኝ እንኳ ቶሎ በሄደልኝ ነበር የምለው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።"

የእሑዶቹን ነገር ረስታዋለች። ፀጉሯን ደባበስኩና፣ "ልጅነት ነው፣ ተይው" አልኳት።

ችግር ነው ያስደረገኝ አልላችሁም፤ ችግረኛ አልነበርኩም። ዘመኑ ነው አልልም፤ የፈራሁት ቀበሌውን ነው፣ የዘረፍኩት ንጉሤን ነው። ይቅር በሉኝም አልልም፤ እናንተን አልበደልኩም። ከበደልኳቸው አንዱ አፈር ውስጥ ነው። ሌላዋ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፣ ልጆች አሳድጋለች፣ አባቷን ያልወደደችው በራሷ ክፋት ይመስላታል፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እስካሁን ዝም ብያለሁ።